አምባሳደሩ ድምፅ የሰጡበት እሑድ

ቀን፦ እሑድ፣ ወሩ በገባ በ14ኛው ቀን
ቦታ፦ የእናት ቤት ሳሎን፣ ከደረጃው ሥር
ሰዓት፦ ለ9፡00 ተጠርቶ 9፡50 ተጀመረ

የተገኙ
1. ታላቅ እህት፣ ርዕሰ መምህርት፦ ሰብሳቢ (ማንም አልመረጣቸውም፤ ማንም አልተቃወመም)
2. መካከለኛ ወንድም፣ ፋርማሲስት፦ አባል
3. የመጨረሻ ልጅ፣ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የአገራቸው አምባሳደር፣ ለሳምንት ዕረፍት የመጡ፦ አባል
4. እናት፣ የ78 ዓመት፦ ታዛቢ፣ ያለ ድምፅ
5. የሰብሳቢዋ ባል፣ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር፦ ጸሐፊ፣ እቤታቸው እንደለመዱት ያለ ድምፅ

ሦስቱም ልጆች ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ እናት ባለፈው ወር ከደረጃ ስለ መውደቃቸው

ሰብሳቢዋ ነገሩ አሳሳቢ መሆኑን አስረዱ። ታዛቢዋ የወደቁት ከሁለተኛው እርከን እንደሆነ፣ የእጅ መያዣ ይሠራልኝ ካሉም ሦስት ዓመት እንዳለፈ ለመናገር እጃቸውን ቢያወጡ፣ ታዛቢ የሚናገረው በመጨረሻ ነው ተብለው እጃቸውን አወረዱ። አምባሳደሩ "መውደቅ" የሚለው ቃል ደረጃውን ይወቅሳል በማለት "ያልታቀደ መውረድ" በሚለው እንዲተካ ጠየቁ። ከሃያ አምስት ደቂቃ ውይይት በኋላ ጸደቀ።

አጀንዳ 2፦ እናት ወዴት ይሂዱ?

ሰብሳቢዋ እኔ ዘንድ ይመጣሉ አሉ። ፋርማሲስቱ የሰብሳቢዋ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን፣ ሊፍቱም ከተበላሸ መክረሙን አስታውሰው፣ ከደረጃ የወደቀን ሰው ስልሳ አራት ደረጃ ማስወጣት ከድጡ ወደ ማጡ ነውና ምድር ላይ ወዳለው ወደ እኔ ቤት ይምጡ አሉ። ሰብሳቢዋ ያ ቤት የመድኃኒት ካርቶን መጋዘን ነው ብለው መለሱ፤ ከዚያ በኋላ የተባባሉት እንዳይጻፍ አዘዋል። ሰብሳቢዋ ለእናት የመደቡት ክፍል የጸሐፊው የንባብ ክፍል መሆኑን ጸሐፊው ቢያመለክቱም እንዳይመዘገብ ተባለ። እነሆ ተመዝግቧል።

ድምፅ ሲሰጥ አንድ ለአንድ ሆነ። ሁሉም ወደ አምባሳደሩ ዞረ። አምባሳደሩ የሁለቱንም ወገን አስተያየት በከፍተኛ አድናቆት ማዳመጣቸውን ገልጸው ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ሰብሳቢዋ በልጅነቱም መስኮቱን ማን ሰበረው ሲባል እንዲሁ ነበር አሉ።

አምባሳደሩም፣ "እትዬ፣ ሥራዬ እኮ ነው። ከመንግሥቴ መመሪያ ካልደረሰኝ እጄን አላወጣም። የራሴን ሐሳብ የሚጠይቀኝ የለም" አሉ።

በምትኩ የስምምነት ረቂቅ አቀረቡ፦ እናት ስድስት ስድስት ወር በየተራ በሁለቱም ዘንድ እንዲቆዩ፣ ሁኔታዎች በፈቀዱ መጠን፣ ይበረታታሉ። ረቂቁ ማንን ምን እንደሚያስገድድ ማንም ስላልገባው፣ ከረጅም ውይይት በኋላ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ቤቱ እንዲቆለፍ፣ የጓሮው ሎሚ ለጎረቤት በአደራ እንዲሰጥም ታከለበት።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

የታዛቢዋ ተራ ደረሰ። ለአምባሳደሩ ብቻ ነበር የተናገሩት።

"የምትናገረው መመሪያ ሲደርስህ ነው?"

"አዎ፣ እማዬ።"

"የራስህ ሐሳብ ባይሆንም?"

"ባይሆንም።"

"እንግዲያው ዛሬ መንግሥትህ እኔ ነኝ። ከቤቴ አልወጣም። ተነሥና ንገርልኝ።"

አምባሳደሩ ተነሡ፣ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፣ መንግሥቴ ከዚህ ቤት አይወጣም ብለው ተናገሩ። ከተሰጣቸው መመሪያ ሁሉ ከገዛ ሐሳባቸው ጋር የገጠመው በአሥራ አንድ ዓመት አገልግሎታቸው ይህ የመጀመሪያው መሆኑ እንዲመዘገብላቸው ጠየቁ። ተመዝግቧል።

ሰብሳቢዋ ሊናገሩ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ገጠሙት። ጸሐፊው በሠላሳ ዓመት ትዳራቸው ይህን አይተው አያውቁም፤ ደስ ብሏቸዋል።

ውሳኔ

በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው ሁሉ፣ "ያልታቀደ መውረድ" የሚለው ጭምር፣ ያለ ተቃውሞ ተሽሯል። እናት ወድቀዋል፤ በቤታቸውም ይኖራሉ። ለደረጃው የእጅ መያዣ ይሠራል፤ የሚሠሩትም አምባሳደሩ ናቸው፣ ዕረፍታቸው ሳያልቅ። አምባሳደሩ በዚህ ነጥብ ላይ ድምፀ ተአቅቦ ይፈቀድላቸው እንደሆነ ጠይቀዋል።

ስብሰባው ከቀኑ 11፡40፣ መንግሥታቸው መዶሻውን ሲያቀብሏቸው ተበተነ።