ባለ ሦስት ጓጉንቸር ሕገ መንግሥት

በአምቦ፣ ከሁሉቃ ወንዝ ማዶ ያለው እድር ሰው ከመቅበር አልፎ ሥርዓት ወደ መገንባት የተሸጋገረው በ2011 ዓ.ም. ነው። ሊቀመንበሩ ኦቦ ጋሮማ የሦስት ቀን የሕገ መንግሥት ሥልጠና ወስደው፣ ባለ ዚፕ ቦርሳና አንድ ታላቅ ሐሳብ ይዘው ተመለሱ። ከዚያ በፊት ያለ ሕገ መንግሥት እንዴት ሰው ይቀበር እንደነበር ዛሬ ሲታሰብ ይገርማል።

በአዲሱ ሕግ ድንኳኑ የፌዴራል፣ አግዳሚ ወንበሩ የየመንደሩ ሥልጣን ሆነ። በድንኳኑ ላይ ማንም አምባገነን እንዳይሆንም በዕቃ ቤቱ በር ላይ ሦስት ጓጉንቸር ተንጠለጠለ። የሕግ አውጪው ቁልፍ ለአፈ ጉባኤው ለአቶ ዘገየ፣ የአስፈጻሚው ለኦቦ ጋሮማ፣ የሕግ ተርጓሚው ለአናጺው ለለሜሳ ተሰጠ። ለሜሳ የተመረጠው ስብሰባ ላይ ስለማይናገር ነው፤ ዝምታው «ገለልተኝነት» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ።

ሥርዓቱ ሦስት ዓመት ያለ እንከን ሠራ። እንከኑ የተገኘው በሐምሌ፣ ለሜሳ ማንንም ሳያማክር በሞተ ጊዜ ነው።

ሚስቱ ባየሽ ቁልፉን ከኮቱ ኪስ አገኘችው። ዝናቡ ግቢዋን ኩሬ አድርጎታል፤ የባሏ ዘመዶችም ከጎጆ ከተማ በአይሱዙ ተጭነው እየመጡ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ለሰው ቤት ጣራ ሲመታ የኖረ ሰው፣ ለቀስተኞቹ ዝናብ ላይ ሊቀመጡ? ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ዕቃ ቤቱ ሮጠች።

ኦቦ ጋሮማና አቶ ዘገየ የየራሳቸውን ጓጉንቸር ከፍተው ሦስተኛውን በአክብሮት እያዩ ቆመዋል።

«ይኸው ቁልፉ» አለች።

ኦቦ ጋሮማ እጃቸውን ወደ ኋላ ደበቁ። «አዴ ባየሽ፣ ሐዘንሽ ሐዘናችን ነው። ግን ሥልጣን በውርስ አይተላለፍም። እሱ የንጉሥ ዘመን አሠራር ነው።»

«ማሎ ኦቦ ጋሮማ! ቁልፍ እኮ ነው፣ ዘውድ አይደለም። እርስዎ ይክፈቱት።»

«እኔ? ሁለት ሥልጣን ጠቀለለ ልባል?»

«ግልጽ መፈንቅለ እድር ነው» አሉ አቶ ዘገየ።

«ታዲያ ማን ይክፈተው?»

«ጠቅላላ ጉባኤው አዲስ ተርጓሚ ይመርጣላ።»

«ጉባኤው የት ሊሰበሰብ?»

አቶ ዘገየ ሰማዩን አዩ። «በዚህ ዝናብማ... ድንኳን ውስጥ ነዋ!»

ነገሩ በዚህ ስለተቋጨ ሁለቱም ጓጉንቸራቸውን መልሰው ቆለፉ።

ባየሽ ቁልፉን ጨብጣ ስትመለስ፣ የእድሩ ወጥ ቤት ኃላፊ ወለተማርያም ክንዷን ያዘቻት።

«ወዴት ነሽ?»

«ወደ ቤቴ። እንግዶቼን ዝናብ ላይ ልቀበል።»

«ኧረ ተይ! ነይ በጓሮ። ይኼን ሁሉ ጊዜ ድስት የምናወጣው ጋሮማን እያስፈቀድን መሰለሽ?»

ከዕቃ ቤቱ ጀርባ አንዱን ቆርቆሮ ሳብ ስታደርገው እንደ መጋረጃ ተገለጠ። ከላይ እንጂ ከታች ሚስማር የለውም።

«ጓጉንቸሮቹ የተንጠለጠሉ ዕለት ባልሽ ነው የነቀለው። ‹ለቀስተኛ ጦሙን ጉባኤ ሊጠብቅ ነው?› ብሎ። ላንቺ አልነገረሽም?»

«ለኔማ ምን ይነግረኛል፣ ይኼ ድብቅ!» ባየሽ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነባት፤ በቀዳዳው እየጎተተች ያወጣችውን የድንኳኑን ጫፍ ግን አልለቀቀችም።

አይሱዙው ሲደርስ ድንኳኑ ተተክሎ ነበር። ኦቦ ጋሮማም ሕገ መንግሥቱን በፌስታል ጠቅልለው ገቡና፣ የማያፈስበት ቦታ መርጠው ለንግግር ቆሙ። ድንኳኑ ከየት መጣ ብለው አልጠየቁም፤ በአጀንዳ አልተያዘም።

«በዚህ ከባድ ቀን እንኳ» አሉ፣ «ሦስቱም ጓጉንቸሮች እንደተቆለፉ ናቸው! ተቋማችን ፈተናውን አልፏል!» አንዳንዱ ሊያጨበጭብ እጁን ካነሣ በኋላ ለቅሶ ላይ መሆኑ ትዝ አለው። «የሚያሳዝነው፣ ሟቹ ኦቦ ለሜሳ ሕገ መንግሥቱን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይተረጉሙ ማለፋቸው ነው።»

ባየሽ ዝናቡ የሚደበድበውን የድንኳን ጣሪያ ቀና ብላ አየች።

«ተርጉሞታል እንጂ፣ ኦቦ ጋሮማ» አለች። «እርስዎም ከሥሩ ተጠልለው ነው የሚናገሩት።»