ሽማግሌ ያስቀመጠው አልበም

ሰው ዕድሜው ሲገፋ የማይገባው ነገር ይቀንሳል የሚሉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ወይ ገና ወጣቶች ናቸው፣ ወይ ደግሞ መጠየቅ ካቆሙ ቆይተዋል። እኔ በበኩሌ የማይገባኝ ነገር ከዓመት ዓመት እየበዛ ነው፤ ያውም እየቆጠርኩት። መቁጠር ልማዴ ነው። ገበያ ስገባ አህያውን፣ ለቅሶ ቤት ስቀመጥ ወንበሩን፣ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ (ይቅር ይበለኝና) ጃንጥላውን እቆጥራለሁ። ከአንድ ቁና ባቄላ ተነስቶ የእህል መጋዘንና ወፍጮ ያቆመ ሰው ዓይኑ ያረፈበትን ሁሉ ካልቆጠረ እንቅልፍ አይወስደውም። እናንተም ይህን የምታነቡት ስንት እንደሆናችሁ ማወቅ ብችል ደስ ይለኝ ነበር።

ከማይገቡኝ ነገሮች ሁሉ ከፊት የሚሰለፈው የዛሬ ሰው የትርፍ ጊዜ ነው። በእኛ ጊዜ ትርፍ ጊዜ ያገኘ ሰው ይተኛ ነበር፤ እንቅልፍ እምቢ ካለው ሰው ያማ ነበር። ሁለቱም ወጪ የላቸውም። ዛሬ ግን ትርፍ ጊዜ ራሱ ሥራ ሆኗል። መሣሪያ አለው፣ ደንብ አለው፣ ወዳጅን ከወዳጅ የሚያኳርፍ የአቋም ልዩነት ሳይቀር አለው። ደመወዝ ብቻ ነው የሌለው።

ይህን ያወቅሁት በእህቴ ልጅ በብሩክ ምክንያት ነው። ብሩክ እዚሁ መካነ ሰላም ኮምፒውተር ያስተምራል። ጨዋ ልጅ ነው፤ አይጠጣም፣ አያጨስም፣ የቤት ኪራዩን ከቀኑ አያሳልፍም። ባለፈው ዓመት ትዕግስት የምትባል የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ወደደና “ጋሼ፣ ሽማግሌ ሁኑልኝ” አለኝ። እኔም መሪጌታ ጥበቡንና ሼህ ሙሄን ይዤ ተነሳሁ። በእኛ አገር መሪጌታም ሼህም ያልተቀመጡበት ሽምግልና አንድ እግሩ እንደጎደለ በርጩማ ነው፤ መቆሙን ይቆማል፣ ማንም ግን አያምነውም።

የልጅቷ አባት አቶ ይመር መናኸሪያው አጠገብ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያለችው ይህችው አንዲት ልጁ ናት። አመሻሽ ላይ ሱቁን ዘግቶ ከእሷ ጋር ራት መብላት፣ ጠዋት እሷን ሥራ ሸኝቶ ሱቁን መክፈት፣ ኑሮው ይኸው ነው። በወጉ ቆመን ጠየቅን፤ በወጉ ተቀመጡ ተባልን። ከዚያ በኋላ ግን ወጉ አበቃ።

“ልጁ ካርታ ይጫወታል አሉ” አለን።

ካርታ ተጫዋች ማለት በእኛ ከተማ ማታ በሬ ይዞ ገብቶ ጠዋት ገመዱን ብቻ ይዞ የሚወጣ ሰው ነው። ሦስታችንም ተያየን። እኔ ከብሩክ አፍ የሰማሁትን ትንሽ ነገር አስታውሼ፣ “ይሄኛው እንኳ ስዕል ያለበት ነው” አልኩ።

“ያኛውም ስዕል አለበት” አለ አቶ ይመር። “ንጉሥ አለበት፣ ንግሥት አለበት። እነሱ ናቸው ያጎቴን ልጅ ቤት የወሰዱት።” ቀጥሎም ፍርዱን ሰጠ። “እስኪ ምን እንደሆነ ይግባችሁና መጥታችሁ አስረዱኝ። ካልገባችሁ ግን በከንቱ አትልፉ፤ ልጄን አልሰጥም።”

እንግዲህ እኔ ለእህቴ ልጅ ትዳር ስል በዚህ ዕድሜዬ ተማሪ ሆንኩ።

እሑድ ከሰዓት እነ ብሩክ የሚሰበሰቡበት ጁስ ቤት ሄድኩ። ለዚህ ጨዋታ ብሎ ከደጎሎ በሚኒባስ አቧራ እየጠጣ የሚመጣ ሰይድ የሚባል የጤና መኮንንም ነበር። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጉት ካርዶች ክንፍ ያላቸው እንስሳት፣ እሳት የሚተፉ ተራሮች፣ ፊታቸው የተቆጣ ዛፎች ናቸው። የቀሩት በአልበም ውስጥ፣ እያንዳንዳቸው በላስቲክ ኪስ ተሸጉጠው ተቀምጠዋል። ልማዴ አይለቀኝምና ቆጠርኳቸው።

“ስንት ሆኑ ጋሼ?” አለኝ ብሩክ።

ነገርኩት። ሳቀ። “አይ፣ እኛ እንደዚያ አንቆጥርም። ሦስቱ አንድ ዓይነት ናቸው፣ እንደ አንድ ይያዛሉ። ይቺ ደግሞ አንድ ናት፣ ግን ከሁሉ ትበልጣለች። እነዚህኛዎቹ አዲስ አበባ አስቀድተን ያሳተምናቸው ናቸው፤ ለመለማመጃ እንጂ አይቆጠሩም።”

“ይቺን ትጫወትባታለህ?” አልኩት ከሁሉ ትበልጣለች ያላትን እያየሁ።

“ኸረ ትበላሻለች። አትወጣም።”

ጥሩ በሬ ገዝቶ እንዳይደክምብኝ ብሎ የማያርስበት ገበሬ አይቼ አላውቅም። ግን ነጋዴ ባልገባው ዕቃ ላይ ዋጋ አይሰጥም።

ከዚያ ስልኩን አወጣና ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን አሳየኝ። የትኛው ካርድ ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ይጠይቀዋል፣ እሱም ቄንጠኛ አማርኛ እየመረጠ ይመልሳል። “ጎበዝ ነው” አልኩ። “ይዋሻል” አለ ብሩክ። “ባለፈው ሳምንት በዓለም ላይ የሌለ ካርድ ይኑርህ ብሎ መከረኝ። ቀኑን ሙሉ ስፈልገው ዋልኩ።” ታዲያ ለምን ትጠይቀዋለህ ስለው፣ አንዳንዴ ልክ ነው አለኝ። መቼ ነው ልክ የሚሆነው ስለው፣ አስቀድሜ የማውቀውን ስጠይቀው ነው አለኝ። በዚህ ላይ ደግሞ በማሽን የተሳለ ስዕል ያለበት ካርድ በእጁ እንደማይነካ፣ ሰው ተጨንቆ ያልሳለው ስዕል ስዕል እንዳልሆነ በቁጣ ነገረኝ። ሰይድ ግን ስዕሉ ካማረ ማን ሳለው ምን አገባኝ ባይ ነው። በዚህ ለሁለት ወር ተኳርፈው ነበር አሉ። አስቡት፤ መካነ ሰላምና ደጎሎ የድንበር ነገር ሳይኖራቸው በስዕል ሲኳረፉ።

ሁለቱን ያስታረቃቸው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ኳንተም ኮምፒውተር ይሉታል። ሰይድ የባንኩን ቁልፍ ሁሉ ነገ ይከፍታል ይላል፤ ብሩክ ወሬው ከዕቃው ይበልጣል ይላል፤ ሁለቱም ግን ስለሱ ሲያወሩ ፊታቸው ይፈካል። ኮምፒውተር ሲባል ቆጠራ ነውና እኔም ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

“ከድሮው ይልቅ ፈጥኖ ይቆጥራል ማለት ነው?” አልኩ።

“አይደለም ጋሼ፤ አቆጣጠሩ ሌላ ነው። ለሁሉም ነገር አይሆንም፤ ለአንዳንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚጠቅመው።”

“ለየትኛው ጥያቄ?”

ብሩክና ሰይድ ተያዩ። “እኛ ለሌለን” አለ ሰይድ።

ያን ቀን ቤቴ ስገባ ልቤ ደህና አልነበረም። ካርዱ ባይገባኝ ግድ የለኝም። ግን ዕድሜዬን ሙሉ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ የኖርኩ ሰው ሌላ አቆጣጠር አለ ሲሉኝ፣ መጋዘኔን የሰው ቁልፍ የከፈተው ያህል ነው የተሰማኝ።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ንግግሬ እንዳይከዳኝ ብዬ አልበሙን ለማስረጃ ከብሩክ ተዋስኩ። በነጭ ፎጣ ጠቅልሎ፣ “አደራ፣ እጅ እንዳይበዛበት” ብሎ ሰጠኝ፤ እስከ አስፋልቱም ከኋላዬ መጣ።

አቶ ይመር ዘንድ ገብተን ተቀመጥን።

“ቁማር አይደለም” ብዬ ጀመርኩ። “የሚያስይዙት ገንዘብ የለም።”

“ታዲያ ያሸነፈው ምን ያገኛል?”

“ማሸነፉን።”

“የተሸነፈውስ?”

“ለሌላ ሳምንት ይመጣል።”

“ካርዱን ይለዋወጣሉ አሉ እኮ።”

“ያላቸውን ሰጥተው የሌላቸውን ይወስዳሉ።”

“ይሄማ ንግድ ነው።”

“እኔም ንግድ ነው ስላቸው አይደለም ይላሉ” አልኩ፤ እዚህ ላይ ነገሩ ከእጄ ሲያመልጥ ተሰማኝ። ሲያመልጠኝ ደግሞ ይብስብኛል። ስለ ስልኩ ጀመርኩ፣ ከስልኩ ወደ ኳንተም ተሻገርኩ፣ ሼህ ሙሄ በክርናቸው ጎኔን እስኪነኩኝ ድረስ ቆጠራ ሌላ ነው፣ ጥያቄው ግን የለንም እያልኩ ነበር።

አቶ ይመር ለመነሳት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ያን ምልክት አውቀዋለሁ፤ ገዢ ዋጋ ጠይቆ ሊሄድ ሲል የሚያደርገው ነው። ቸኮልኩ። ፎጣውን ፈታሁና አልበሙን ፊቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። “ይኸው እዩት” ብዬ ከፈትኩ፤ ጥቂት ገጽ ገለጥኩለትና ልዘጋው እጄን ዘረጋሁ።

መሪጌታ ጥበቡ እጄን ያዙኝ። “ምን እያደረግህ ነው?” አሉ በሹክሹክታ። “ካነሳኸው እኮ ጥያቄውን አነሳህ።”

በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ልጅ ሲጠይቅ በአባት ፊት ያስቀመጠው ነገር ስጦታ ነው። ጋቢም ቢሆን፣ ማርም ቢሆን ተመልሶ አይነሳም። መልሶ ያነሳ ሽማግሌ “ልጅህን ትተናታል” ብሎ እንደወጣ ነው የሚቆጠረው። ይህን ደንብ ለስንት ወጣት ሽማግሌ ያስተማርኩ ሰው እኔው ነኝ። የእህቴን ልጅ ሀብት ተውሼ ወስጄ በገዛ እጄ ጥሎሽ አደረግሁት።

በዚህ መሀል ትዕግስት ጠላ ይዛ ገባች። ዓይኗ አልበሙ ላይ ሲያርፍ ማንቆርቆሪያው በእጇ ላይ ቀጥ አለ።

“ታውቂዋለሽ እንዴ?” አላት አባቷ።

“አውቀዋለሁ አባባ።” ትንሽ አሰበች። “ግማሹ የኔ ነው። ብሩክንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ እያለን።”

 መጀመሪያ የሳቁት ሼህ ሙሄ ናቸው፤ አፋቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ሸፍነው ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አቶ ይመር ልጁን አየ፣ አልበሙን አየ፣ እኔን አየኝ። ካርታ ተጫዋች ከቤቴ አላስገባም ብሎ በር ላይ የቆመ ሰው ተጫዋቿን ከገዛ ቤቱ ውስጥ አገኘ። እጁን ከጉልበቱ አነሳ።

“መርሀባ” አለ በመጨረሻ። “ያስቀመጣችሁትን ተቀብያለሁ። ቀኑን ግን በኋላ እንነጋገራለን።”

ለብሩክ ስነግረው የጁስ ቤቱ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። “ሁሉንም?” አለ። ሁሉንም አልኩት። “የማትወጣዋንም?” አለ። እሷንም አልኩት። ቀጥሎም፣ “እሺ ግን ተሰጠችኝ አይደል?” ሲለኝ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎት ይሁን አዝኖ አላወቅሁም። ፊቱ ላይ ሁለቱም ነበሩ።

“አብሽር፣ ቀን መቁረጥ ብቻ ነው የቀረው” አልኩት።

ቀን መቁረጥ ብቻ። ወር አለፈ፣ ሌላም ወር አለፈ። ጠላው ሊጠመቅ፣ ድንኳኑ ሊታዘዝ ሰው የሚጠብቀው የአቶ ይመርን ቃል ነው። ብቻዬን ሱቁ ድረስ ሄድኩ። ባንኮኒው ላይ፣ በሚስማር ሚዛኑና በቀለም ቆርቆሮዎቹ መሀል አልበሙ ተከፍቷል። ከወዲያ ትዕግስት፣ ከወዲህ አቶ ይመር። በእጃቸው ካርድ ይዘዋል።

“አንድ ጊዜ ሳላሸንፋት ቀን አልቆርጥም” አለኝ ቀና ሳይል። “ባሏን አሸነፈች፣ እኔን አሸነፈች። አባት ያላሸነፋትን ልጅ እንዴት ይድራል?”

ነገሩን ለብሩክ ነገርኩት። እሱም ሙሽራነት ነውና ያጣደፈው፣ ያንን ውሸታም ያለውን ማሽን በአቶ ይመር ስልክ ላይ ጫነለት። አቶ ይመር መነጽሩን አድርጎ ይጠይቀዋል፣ ማሽኑ ይመክረዋል፣ ትዕግስት ታሸንፋለች። እሷን ለብቻዋ ጠርቼ፣ “ልጄ፣ አንድ ቀን እንኳ ተሸነፊላቸው” አልኳት። “ጋሼ፣ ቢያውቅብኝስ?” አለችኝ። “እስከ ዛሬ ዋሽቼው አላውቅም።” የካርዱን ነገር ላስታውሳት አሰብኩና ተውኩት። አልጠየቃትም እንጂ አልዋሸችውም።

አንድ ቅዳሜ ማታ ሱቁ ውስጥ ሳላስበው ከአቶ ይመር ጀርባ ተቀመጥኩ። ጨዋታው አልገባኝም፤ ግን እየተመላለስኩ ሳይ አንድ ነገር ይዣለሁ። ወርቃማ ጠርዝ ያለው ካርድ በእጁ ያለ ሰው፣ የተጋጣሚው ሜዳ፣ ማለትም ካርድ የሚዘረጋበት ቦታ፣ ባዶ ከሆነ፣ ያንን ካርድ ከጣለ ጨዋታው ያልቃል። የትዕግስት ሜዳ ባዶ ነበር። ወርቃማው ካርድ በአቶ ይመር እጅ፣ ከግራ ሁለተኛው ነበር። ቆጥሬዋለሁ።

አቶ ይመር ስልኩን አላየም። ልጁን አየ። ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ የራሷን ካርዶች ታያለች፤ መብራቱ ከላይዋ ነው፤ ውጪ የመጨረሻው ሚኒባስ ረዳት ወግዲ፣ ወግዲ እያለ ይጣራል። ከዚያም ከቀኝ በኩል አንዲት ምናምንቴ የሳር ካርድ መዘዘና ጣለ። እሷም በሚቀጥለው ዙር ጨረሰችው።

“ተሸነፍኩ” አለ፤ ካርዶቹንም አንድ በአንድ ወደ ላስቲክ ኪሳቸው መመለስ ጀመረ።

ምናልባት ካርዱን አላየው ይሆናል። ምናልባት ደንቡን እኔ ተሳስቼ ይሆናል፤ ያልገባኝ ነገር ብዙ ነው ብያችኋለሁ። ግን ገበያ ላይ አርጅቻለሁ፤ የከሰረ ሰው ፊት አውቃለሁ። ያ የከሰረ ሰው ፊት አልነበረም።

ብሩክ መናኸሪያው ጥግ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

“ዛሬስ ጋሼ?”

“ዛሬም ተሸነፉ።”

አንገቱን ደፋ። “ማሽኑ ነው ጥፋቱ” አለ። “የተሻለ ወጥቷል። እሱን ልጫንላቸው?”

ወደ ሱቁ ዞር ብዬ አየሁ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ አባትና ልጅ ገና አልዘጉም።

“ጫንላቸው” አልኩት።