ባሕር ያልነካው አድሚራል

ወደብ ያለው ከተማ ሁሉ ባሕር ላይ ወጥቶ የማያውቅ አንድ የባሕር ሊቅ አያጣም። ይህን ሰው ማንም አይሾመውም፤ ራሱን ይሾማል። አንዴ ከተሾመ ደግሞ እስከ ዕለተ ሞቱ የሚሽረው የለም። የኛው ከተማ የሆባርቱ ክቡር አድሚራል መርቪን ትራንተር ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ በፖም ማሸጊያ መጋዘን ውስጥ የሳጥን ሚስማር ሲመቱ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ በማግሥቱ ታጣፊ ወንበራቸውን አንጠልጥለው ወደብ ዳር ተገኙ። ፊት ለፊት ሁላችንም ሜርቭ ነው የምንላቸው። አንቱታውንም ማዕረጉንም የጨመርኩት እኔ ነኝ።

በየዓመቱ በገና ማግሥት ባለ ሸራ ጀልባዎቹ ለውድድር ከሲድኒ ተነሥተው ወደ እኛ ይወርዳሉ። ከስድስት መቶ የባሕር ማይል በላይ ነው። ትልልቆቹ በሁለት በሦስት ቀን ይገባሉ፤ ትንንሾቹን ሳምንት ሊሞላቸው ምንም አይቀር። ያን ሰሞን ከተማው በግማሽ እንቅልፍ ነው የሚውለው። በጋ ነው፣ ቼሪው በስሏል፣ ሥራ የለም። ሰው ሳህኑን ይዞ ደጁ ላይ ይወጣና ወንዙን ሲያይ ይውላል። ወንዙ ሰፍቶ ሰፍቶ ባሕር የሚሆንበት ቦታ ጭጋግ ስለማያጣው፣ የሚመጣው ሸራ ከውሃ ይውጣ ከሰማይ ይውረድ አይለይም። መጀመሪያ እንደ ነጭ ላባ ታያታለህ። ዓይንህን ከድነህ ስትገልጥ የለችም። እንደገና ስትመጣ ጀልባ ሆናለች።

እኛ እንዲህ ስናልም አድሚራሉ አያልሙም፤ ያውቃሉ። "ባሕሩን ለእኔ ተዉት" ይላሉ። ነፋስ የሚለኩት በግራ ጉልበታቸው ነው። ጉልበቱ ሰሜን ካለ ደቡብ ነው፤ ዝናብ ካለ ልብሳችንን አጥበን እናሰጣለን። አንድ ዓመት አንዲት የራዲዮ ጋዜጠኛ የድሮ ተወዳዳሪ መስለዋት ሃያ ደቂቃ አነጋገረቻቸው። ስለ ማዕበል ሲተርኩ የሷ ዓይን እንባ አቀረረ። ስንት ጊዜ እንደተወዳደሩ ስትጠይቃቸው "ቆጥሬው አላውቅም" አሏት። ውሸት አልተናገሩም። በሌላው ዓመት ደግሞ አንደኛ የወጣው ጀልባ ካፒቴን ገና ሻምፓኝ አናቱ ላይ እየፈሰሰ ሳለ፣ ሕዝቡን ጥሰው ገብተው የጀልባውን መሪ እንዴት መያዝ እንደነበረበት አስረዱት። ካፒቴኑ አመሰገናቸው። ምን ያድርግ?

እኔ በበኩሌ ወንበራቸውን ካየሁ መንገድ እቀይር ነበር።

ስልክ ገና ኪስ ውስጥ ባልገባበት ዘመን ነው፣ ታናሽ እህቴ ቬርና ከአራት ጓደኞቿ ጋር "ሎሪኬት" በምትባል አሮጌ ጀልባ ውድድሩ ውስጥ ገባች። በሦስተኛው ቀን ከደቡብ ኃይለኛ ነፋስ ተነሣ። ጀልባዎቹ በቀን ሁለት ጊዜ በራዲዮ ሲጠሩ ያሉበትን ይናገራሉ፤ የውድድሩ ቢሮ ሰሌዳ ላይ ይጽፈዋል። ሎሪኬት በጠዋቱ ጥሪ አልመለሰችም። በማታውም አልመለሰችም። የፍለጋ አውሮፕላን ወጥቶ ነበር፤ ደመናው ባሕሩ ላይ ተኝቶበት ምንም ሳያይ ተመለሰ።

በማግሥቱ ጠዋት ወደቡ ዳር ወረድኩ። አድሚራሉ ቦታቸው ላይ ነበሩ። ያን ቀን ስለ ጉልበታቸው አንድ ቃል ቢያነሡ ከነወንበራቸው ወንዝ ውስጥ እንደምጨምራቸው ለራሴ ምዬ ነበር። ግን እግሬ ወደሳቸው ወሰደኝ።

"ሜርቭ፣ ምን ይመስልሃል?" አልኳቸው።

ወንዙን አዩ።

"አላውቅም" አሉ።

ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም ነበር። ተነሡና ወንበሩን ለኔ ለቀቁልኝ፤ እሳቸው ገመድ የሚታሰርበት ብረት ላይ ተቀመጡ። ከያዙት በሥጋ የተሞላ ፓይ ግማሹን ቆርሰው ሰጡኝ። ቀኑን ሙሉ ነፋስ የሚባል ነገር አላነሡም። ያወሩልኝ ስለ ፖም ነበር፤ የትኛው ዓይነት በወረቀት እንደሚጠቀለል፣ የትኛው ሳር ተጎዝጉዞለት እንደሚታሸግ፣ ሩቅ አገር የሚሄደው ገና ጥሬ ሳለ ተለቅሞ መርከብ ላይ እየበሰለ እንደሚጓዝ። ድምፃቸው ከውሃው ድምፅ ጋር ይርቃል፣ ይቀርባል። ሰውዬው የሚያውቁትን ነገር ሲናገሩ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ደስ ይል ነበር።

አመሻሹ ላይ ነፋሱ ጭራሽ ቆመ። ወንዙ መስተዋት መሰለ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ ጭጋጉ ውስጥ አንድ ነጭ ነገር ብቅ አለ። የነፋስ ትንፋሽ በሌለበት የቀራትን ሦስት ኪሎ ሜትር ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ፈጀባት። አንዳንዴ የቆመች፣ አንዳንዴም ወደኋላ የምትሄድ ትመስል ነበር። የሰዎቹ ድምፅ በውሃው ላይ እየተንሳፈፈ ከጀልባዋ ቀድሞ ደረሰን። አንዷ ሳቀች። እህቴን በሳቋ አወቅኋት። እኔና አድሚራሉ አልተያየንም።

ገመዱ ከጀልባዋ ሲወረወር በመጀመሪያው አድሚራሉን አመለጣቸው፤ በሁለተኛው ያዙት። አስረውት ቀና እንዳሉ ጀመሩ።

"የኔ ልጅ፣ ወደ ምሥራቅ አበዛሽው። ዳር ዳሩን ይዘሽ መምጣት ነበረብሽ።"

ቬርና ፊቷ በጨው ነጭ ሆኖ፣ በእግሯ ለመቆም እየታገለች ነበር።

"በሚቀጥለው አልረሳውም፣ ሜርቭ" አለቻቸው።

ማዕበል ጓዳቸው ገብቶ ራዲዮውን እንደገደለው የነገረችኝ ከዚህ በኋላ ነው።

እህቴ ሌሊቱንም ጠዋቱንም ተኝታ ሳለ ሁለት ትኩስ ፓይ ገዝቼ ወደቡ ዳር ተመለስኩ። ሕዝቡ ተበትኗል፤ ባንዲራዎቹ ወርደዋል። አድሚራሉ አሉ። ምን እንደሚጠብቁ ጠየቅኋቸው።

"ሁለት ቀርተዋል" አሉኝ። "ሰው ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ገመዱን የሚቀበለው ካጣ ነውር ነው።"

ለካ በየዓመቱ የመጨረሻዋ እስክትገባ ይቀመጡ ኖሯል። እኛ ለአንደኛው አጨብጭበን ስንሄድ ማን ያያቸዋል? ብረቱ ላይ ተቀመጥኩና ፓዩን ሰጠኋቸው። ነከሱ፣ ጉልበታቸውን አሹ፣ ሰማዩን መረመሩ።

"ከሰሜን ነው የሚነፍሰው" አሉ።

በዚያው ቅጽበት ከደቡብ የመጣው ነፋስ ባርኔጣዬን ከራሴ ላይ አንሥቶ ወደ ሰሜን ይዞት ሄደ።

"ልክ ነህ፣ ሜርቭ" አልኳቸው።