ቆራጩ ሐኪምና የልብስ ሰፊዋ ቡና

አንድም ቀን ሕክምና ሳይማር አገር ምድሩን ካላከምኩ የሚል ሰው የሌለበት የሥራ ቦታ ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። በአንድ ልብስ ስፌት ቤት ይህን ከባድ አደራ የተሸከሙት ጨርቅ ቆራጩ ነበሩ። ሠራተኛው ሁሉ «ክቡር ሐኪም» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ቅር አይላቸውም። ዋናዋ በሽተኛቸው ከመቁረጫው ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጣ የምትሰፋው ሴት ናት። ጥፋቷ ቡና መውደዷ ነው።

ሰኞ ፔርሙሷን ስትከፍት፣ «አንቺ ልጅ፣ ልብሽን ልታፈነጂው ነው!» ይሏታል። ረቡዕ ሳትጠጣ ካረፈደች ደግሞ፣ «ጠጪ እንጂ! ቡና ለጉበት መድኃኒት ነው!»

«ጋሼ፣ ከትናንት ወዲያ ልብ ያፈነዳል ብለው አልነበር?»

«እኔ መች አልኩ? ጥናቱ ነው ያለው!»

ይህ ጥናት የት እንደሚኖር የሚያውቅ የለም። አንዴ ቡና ፀጉር ያበቅላል ብለው ራሰ በራውን ልብስ ተኳሽ የቡና ዝቃጭ ሲያስቀቡት ሰነበቱ። ፀጉሩ አልበቀለም፤ የደንበኛ ነጭ ሸሚዝ ግን ቡናማ ነጠብጣብ አበቀለ።

በዚያ ሰሞን ሴትዮዋ ድካም ጠናባት። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ጤና ጣቢያ ሄደች፤ ደምሽ አንሷል ብለው የብረት ክኒን ሰጧት። እሷም በየጠዋቱ በትኩስ ቡና ታወራርደው ጀመር።

«በቡና አትዋጪው! ብረቱን ወደ ደምሽ አያሳልፈውም!» አሉ ክቡር ሐኪም፣ መቀሳቸውን አንሥተው።

«እህ! ዛሬ ደግሞ ቡና ዘበኛ ሆነ?» አለችና እልህ ይዟት አንድ ስኒ ጨመረችበት።

ሁለት ወር እንዲህ ሆነ። አንድ ቀን ስፌቷ ላይ ድፍት አለች። መቀሱን ጥለው፣ ደግፈው ጤና ጣቢያ ያደረሷት ቆራጩ ናቸው። ነርሷ ውጤቱን አይታ ግራ ገባት።

«ክኒኑን በምንድን ነው የምትውጪው?»

«በቡና።»

«ኧረ በስመ አብ! ቡናው እኮ ነው ብረቱን የሚያስቀርብሽ። በውኃ ዋጪ፤ ቡናውን ቆየት ብለሽ ጠጪ።»

ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ የቆራጩን ፉከራ ጠበቀች። ፉከራ የለም። ቀና ስትል ሰውዬው አፋቸውን ከፍተው ቀርተዋል።

«ልክ ነበርኩ እንዴ?» አሉ በሹክሹክታ።

ከዚያ ወዲያ ጭጭ አሉ። ቡናዋን ስትቀዳ አይተው እንዳላዩ ይሆናሉ። ምን ነካዎት ስትላቸው፣ «አሁንማ የምትሰሚኝ ከሆነ፣ ብሳሳትስ?» አሏት።

ጉልበቷ ተመለሰ፤ ስፌት ቤቱ ግን ጭር አለባት። የምትመኘው ጸጥታ ይኸው መጥቶ፣ ሁለት ሳምንት እንኳ አልቻለችውም።

«ጋሼ» አለች፣ እግሯን ከስፌት መኪናው ፔዳል አንሥታ፤ «ቡና ለጉልበት ሕመም እንዴት ነው?»

የሰውዬው ፊት በራ። «ለጉልበት? ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ወንበርሽን ጠጋ አድርጊ…»

እስከ ምሳ ሰዓት አላበቁም። እሷም ጠጋ ብላ አዳመጠች። ጉልበቷን ግን አንድም ቀን አሟት አያውቅም።