ለእህቴ ሽማግሌዎች ስለ ዓሣዎቼ ያስረዳሁበት ቅዳሜ

ዛሬ የእህቴን ጋብቻ በዓሣ ምክንያት ላፈርሰው ነበር።

አዎ፣ በዓሣ! እየቀለድኩ አይደለም። ሸሚዜ ገና አልደረቀም።

ገጼን ለማታውቁት፦ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ነው የምኖረው። ሰው ፊት ብዙ አላወራም፤ እዚህ ግን አፌ አይዘጋም። ስድስት ዲስከስ አለኝ። ዲስከስ ማለት እንደ ሰሃን ክብና ጠፍጣፋ፣ መልኩ የሚያምር፣ ጠባዩ ደግሞ የቅንጡ እንግዳ የሆነ የአኳሪየም ዓሣ ነው። ውሃው ከቀዘቀዘ ያኮርፋል። ከቆሸሸ ያኮርፋል። ወንበር በኃይል ከተጎተተም ያኮርፋል። ሲያኮርፍ ይጠቁራል።

አስተማሪ አልነበረኝም። ሁሉንም ከኢንተርኔትና ከራሴ ስህተት ነው የተማርኩት። ውሃዬ 29 ዲግሪ ነው፤ 28 አይደለም። የቧንቧው ውሃ ስለሚከብዳቸው ከጣራ የዝናብ ውሃ አጠራቅሜ እቀላቅላለሁ። መብራት ሲጠፋ አኳሪየሙን በብርድ ልብስ እጠቀልላለሁ። (የእማዬ ብርድ ልብስ ነው። ያወቀችው ቆይታ ነው።)

ስለ ሰላማቸው ከጠየቃችሁኝማ ፕሮፌሰር ነኝ! ኢንቦክሴን ያጨናነቃችሁት እናንተው ናችሁ። «ዓሣዎቼ ይጣላሉ፣ ምን ላድርግ?» ለምትሉኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፦ ዲስከስ በቡድን ነው የሚኖረው። ቢያንስ ስድስት። ሁለት ብቻ ካስቀመጣችሁ ጉልበተኛው ደካማውን እያሳደደ ይጨርሰዋል። ስድስት ሲሆኑ ግን ዱላው ይከፋፈላል፤ አንዱ ላይ ብቻ አያርፍም።

ይህ ልክ ነው። አሁንም ልክ ነው። ያዙልኝ።

ችግሩ የጀመረው ባለፈው ሳምንት ነው። ስድስቱ ስም የላቸውም፤ ቁጥር ነው ያላቸው። ቀዩና ትልቁ፣ 2 ቁጥር፣ በድንገት ዱርዬ ሆነ።

መዘገብኩት። ደብተር አለኝ፤ ማን ማንን ነከሰ፣ በስንት ሰዓት፣ የትኛው ጥግ ላይ። 2 ቁጥር 3ን ነከሰ። 2 ቁጥር 6ን አባረረ። 2 ቁጥር 1ን እስከ ማሞቂያው ድረስ ሸኘው። ገጽ ሙሉ!

ፍርዴ ግልጽ ነበር። ጉልበተኛ ነው፤ ይለያል።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ዛሬ ለታላቅ እህቴ ለምህረት ሽማግሌዎች የሚመጡበት ቀን ነበር። ልጁን ሁላችንም እንወደዋለን፤ አባዬም ይወደዋል። አባዬን ያላማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጁ የሚሠራው አርባ ምንጭ ነው። ምህረትን ይዟት ሊሄድ ነው። አባዬ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ስለዚህ ሲያጉረመርም ሰነበተ።

«ዘመድ በሌለበት ሁለት ብቻቸውን? ቢጣሉ ማን ይገላግላቸዋል?»

እምቢ አላለም። እሺም አላለም። ምህረት ከሐሙስ ጀምሮ ምግብ አልበላ ብሏታል።

እማዬ ደግሞ የምትጨነቀው ስለ ሳሎኑ ነው። «ሽማግሌ ፊት እነዚያ ዓሣዎችህ ቢደባደቡ፣ ዛሬውኑ ሰርቪስ ቤት ነው የማስገባቸው! ጠብ እያዩ ስለ ጋብቻ ሊያወሩ ነው?»

ስለዚህ ጠዋት ራሴ ቆርጬ የሠራሁትን፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን የፕላስቲክ መጋረጃ አኳሪየሙ ውስጥ አስገባሁ። 2 ቁጥር በአንድ ወገን ለብቻው ታሰረ። የቀሩት አምስቱ በሌላው ወገን ሆኑ። ሰላም ወረደ! ነጭ ሸሚዜን ለብሼ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

የተሰጠኝ ትእዛዝ አንድ ነበር። ለስላሳ አቅርብ፣ ዝም በል።

ዝም ማለት እኮ የምችለው ነገር ነው። በሕይወቴ በጣም የምችለው እሱን ነው!

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። ዋናው ጋሽ ጴጥሮስ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ንግግር ያውቁበታል። ከጎናቸው ጋሽ ዳንጊሶ ተቀምጠዋል፤ ወጣትነታቸውን ሐይቁ ላይ መረብ ሲጥሉ ያሳለፉ፣ አሁን ያረጁ ሰው ናቸው። ሦስተኛው የልጁ አጎት ናቸው። ጋሽ ጴጥሮስ «ልጃችሁን ለልጃችን» ብለው በደንብ አቀረቡት። አባዬ ምንጣፉን ያያል። 

 ጋሽ ጴጥሮስ አየሩን ለማቅለል ዞር ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ እነዚህ የሚያማምሩት ምን ዓሣዎች ናቸው?»

«ዲስከስ ይባላሉ ጋሼ» ብዬ ብቆም ዛሬ ይህን ፖስት አታነቡም ነበር።

አልቆምኩም።

ሰው ስለ ዓሣዎቼ ጠይቆኝ እኮ አያውቅም! ከእናንተ በቀር። ስለ ሙቀቱ ነገርኳቸው። ስለ ዝናብ ውሃው ነገርኳቸው። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይንቀጠቀጣል፤ ከእናንተ አንዳችሁ ኮሜንት የጻፋችሁልኝ መስሎኝ ቀጠልኩ። ከዚያ ወደምወደው ርዕስ ደረስኩ።

«ዋናው ነገር ጋሼ፣ ሁለት ብቻ አድርጎ ማስቀመጥ አይቻልም። ሁለት ብቻቸውን ከሆኑ መጨረሻቸው አያምርም። ገላጋይ የለማ! አንዱ ሌላውን ጥግ አስይዞ ነው የሚገድለው።»



የአኳሪየሙ ማሞቂያ ቀጭ ሲል ተሰማ። እምልላችኋለሁ፣ ተሰማ።

አባዬ ቀና አለ። ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ በራ። «ሰማችሁ?» አለ ለሽማግሌዎቹ። «እኔም እኮ ያልኩት ይህንኑ ነው።»

ስልኬን አየሁ። ሦስት መልእክት፣ ሦስቱም ከምህረት፣ ከሳሎኑ መጋረጃ በስተጀርባ።

«ዝም በል»

«ዝም በል!!!»

«ወንድሜ አይደለህም»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጋሽ ጴጥሮስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እማዬ ያየችኝን አስተያየት አልገልጸውም፤ ሕፃናትም ያነቡታል።

ያን ጊዜ ነው ጋሽ ዳንጊሶ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያልከፈቱትን አፍ የከፈቱት። ከሶፋቸው ጎንበስ ብለው አኳሪየሙን በጎኑ እያዩ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ያንን ቀዩን ለምን አሰርከው?»

«ጉልበተኛ ነው ጋሼ። ሁሉንም ይነክሳል።»

«ሁሉንም?» ሳቁ። «ና እስቲ በዚህ በኩል እይ።»

ሄጄ አየሁ። እኔ ሁልጊዜ አኳሪየሙን ከፊት ለፊት ነው የማየው፤ ወንበሬም ደብተሬም እዚያ ነው። የፊልተሩ ቱቦ ጀርባ የሚታየው ግን ከእንግዳ ሶፋ ብቻ ነው።

ቱቦው ላይ ከላይ እስከ ታች እንቁላል ተለጥፏል። እንደ ጤፍ የደቀቀ፣ በመስመር የተደረደረ። 5 ቁጥር ፊቱ ቆማ በክንፏ ውሃ ታራግብለታለች፤ ሌሎቹ አራቱ ሲጠጉ ብቻዋን ትመልሳቸዋለች። ጠቁራለች፤ ደክማለች። 2 ቁጥር ደግሞ ከወዲያ አፉን ፕላስቲኩ ላይ አስደግፎ ቆሟል።

«ባሏን ነው ያሰርክባት» አሉ ጋሽ ዳንጊሶ። «የኛ ሐይቅ ዓሣ ቆሮሶም እንዲሁ ናት፤ ልጅ ስትይዝ ማንንም አታስጠጋም። ይሄ ዱርዬ አይደለም፣ አባወራ ነው።»

በሽማግሌ ቀን! ባልና ሚስት ለይቼ! ሳሎን መሃል!

ሦስተኛው ሽማግሌ ሳቃቸውን በለስላሳ ጠርሙስ ሸፈኑት። አባዬ ግን አልሳቀም። «ቆይ» አለኝ። «ሁለት ሆነው አይኖሩም አላልክም?»

እዚህ ላይ ጉድለቴን ልናዘዝ። ደንቡ አንድ «በስተቀር» አለው። አውቀዋለሁ። ለእናንተ ራሱ ጽፌላችኋለሁ። ለ29 ዲግሪ የምሟገት ሰው፣ እህቴ ፊት በስተቀሩን ዘለልኩት።

«ራሳቸው ከተመራረጡ በስተቀር» አልኩ።  «እኔ መርጬ ሁለት ባስገባ ይገዳደላሉ። ከቡድኑ ውስጥ ራሳቸው ከተመራረጡ ግን ለብቻቸው ነው የሚቀመጡት አባዬ። እንዲያውም የሚረበሹት ከሌሎቹ ጋር ሲሆኑ ነው።»

«ይህን ቅድም ለምን አላልክም?»

«ረሳሁት።»

አባዬ ረጅም ጊዜ አኳሪየሙን አየው። «እስቲ ክፈትለት» አለ።

እጅጌዬን መጠቅለል እንኳ ትዝ አላለኝም። እስከ ትከሻዬ ነክሬ ፕላስቲኩን አነሳሁት። 2 ቁጥር ግራ ቀኝ አላለም፤ በቀጥታ ቱቦው ጋ ሄዶ 5 ቁጥር አጠገብ ቆመ። ከዚያ ዞረና አራቱን በየተራ ወደ ወዲያኛው ጥግ ሸኛቸው። መጋረጃውን በመሃል መለስኩት፤ አሁን ጥንዶቹ በአንድ በኩል፣ አራቱ በሌላ በኩል ሆኑ። ደቂቃ ሳይቆይ የ5 ቁጥር ጥቁረት መልቀቅ ጀመረ። ሁላችንም ቆመን ነው ያየነው፤ እማዬም ጭምር።

አባዬ ወደ መጋረጃው ዞረ። የሳሎኑ መጋረጃ ማለቴ ነው።

«ምህረት! እዚያ እንዳለሽ አውቃለሁ፣ ነይ።»

ወጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አንቺ ነሽ የመረጥሽው?»

«አዎ አባዬ።»

«እሱስ?»

«እሱም።»

አባዬ ተቀመጠ። «እንግዲህ ጋሽ ጴጥሮስ» አለ፣ «ፈቅደናል። አርባ ምንጭም ቢሆን።»

እማዬ እልል አለች። ዲስከሶቹ ደነገጡ። ምንም አላልኩም! ልብ በሉ፣ ምንም!

እንግዶቹ ሲሄዱ ደብተሬን ገለጥኩት። 2 ቁጥር 1ን ነክሷል፣ 3ን ነክሷል፣ 4ን ነክሷል፣ 6ን ነክሷል። 5 ቁጥርን? ሳምንቱን ሙሉ አንድም ጊዜ አልነካትም። በገዛ እጄ ጽፌ፣ በቀይ እስክሪብቶ አስምሬ፣ አላየሁትም። የተነከሱትን ስቆጥር ያልተነከሰችውን ማየት አልቻልኩም።

ምህረት ታርቃኛለች። «ወንድሜ ነህ» ብላ ጽፋልኛለች፤ ስክሪንሾት አንስቼ አስቀምጬዋለሁ።

አሁን ለጥንዶቹ ሁለተኛ አኳሪየም ያስፈልገኛል። ቦታውን ለክቼዋለሁ፤ የምህረት ክፍል መስኮቱ ሥር፣ ልክ ይገባል። ስለክ ነው የገባኝ። ክፍሉ ባዶ ሊሆን ነው። ቤታችን አራት ነበርን፤ ሦስት ልንሆን ነው።

ዲስከስ ደግሞ ሦስት አይመከርም። ሦስት ሲሆኑ ሁለቱ ይጣመሩና ዱላው ሁሉ አንዱ ላይ ያርፋል።

አባዬና እማዬ ከተጣመሩ ሠላሳ ዓመት ሊሆናቸው ነው። እስቲ ገምቱ፣ አንዱ ማን ይመስላችኋል?