ይሄ ራስ አዲስ አይደለም

በየሰፈሩ ሞቶ የተመለሰ ቢያንስ አንድ ሰው አይጠፋም። ሳትጠሩት አጠገባችሁ ይቀመጥና፣ ይቺን ዓለም ለስንተኛ ጊዜ እያያት እንደሆነ ይነግራችኋል። የሌላ ሰፈር ተመላሽ ከሆነ ቢሰለቻችሁ ተነስታችሁ ትሄዳላችሁ። የእኛ ሰፈሩ ግን ፀጉር አስተካካይ ነው። ፎጣው አንገታችሁ ላይ ታስሯል፣ ግማሹ ፀጉር ተቆርጦ ግማሹ ቀርቷል። ወዴት ይኬዳል?

ክቡርነታቸውን ሰፈሩ «ጋሽ ድሮ» ይላቸዋል። ሥራቸውን በመቀስ አይጀምሩም። መጀመሪያ አሥሩንም ጣቶቻቸውን ራስ ቅላችሁ ላይ ዘርግተው፣ ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው ቀስ እያሉ ይጫናሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ፍርዱን ያሰማሉ፦ «ይሄ ራስ አዲስ አይደለም!»

የቧንቧ ሠራተኛው «የጦር አዛዥ ነበርክ» ከተባለ ወዲህ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሲያይ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይዞረዋል እንጂ ቶሎ አይነካውም። ፀጉራቸውን እዚያ የማይቆረጡትም አልቀረላቸውም። የጋሽ ድሮ ጎረቤት ልብስ ሰፊዋና የዳቦ ቤቷ ባለቤት በየተራ ራሳቸውን አስዳሰሱ፤ ሁለቱም ያችኑ አንዲት ንግሥት ሆነው ተገኙ። ሰፈሩ ለሁለት ሊከፈል ምንም አልቀረው። «እሷ? ዘውድ? እሷ እኮ ኮፍያ እንኳ አያምርባትም!» አለች ባለ ዳቦ ቤቷ። ጋሽ ድሮ ምንም አልደነገጡም። «ምን ያጣላችኋል? ጊዜ ክብ ነው። አንዳችሁ ጠዋት ነገሣችሁ፣ አንዳችሁ ከሰዓት» አሏቸው። ሰላም ወረደ። ከሰዓት በኋላ የነገሥኩት እኔ ነኝ የምትል ግን እስከ ዛሬ አልተገኘችም።

ስለ ጊዜ ያላቸው አቋም ጽኑ ነው። «ጊዜ አይሄድም፤ የምንሄደው እኛ ነን» ይላሉ፣ ሱቃቸውን አርፍደው ሲከፍቱ። ወረፋ ሰልችቶት የሚነጫነጭ ካለ፣ «ሺህ ዓመት ዞረህ የመጣህ ሰውዬ ትንሽ መቀመጥ አቃተህ?» ይሉታል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን ጊዜ በድንገት መሄድ ይጀምራል። ግማሽ ጺም ላይም ቢሆኑ ምላጩን አስቀምጠው ይወጣሉ።

እሳቸው ራሳቸው ዳኛ ነበሩ፣ ከዋክብት መርማሪ ነበሩ፣ የመርከብ አዛዥ ነበሩ። በዚያ ሁሉ ሕይወት አንድ ቀን እንኳ ደኻ ሆነው አያውቁም። የአሁኑ ዕረፍት ነው ይላሉ። የእኔን ራስ የዳሰሱ ቀን ደግሞ ጣታቸው ዞሮ ዞሮ ቆመ፤ ፊታቸው ላይ የሐዘኔታ ፈገግታ ታየ። «አንተ ገና ነህ» አሉኝ። «ጀማሪ ነህ። ለዚህ ነው ነገሩ ሁሉ የሚደናገርህ።» እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ባላምንበትም ከፍቶኝ ነበር። ቧንቧ ሠራተኛ ጦር በመራበት ሰፈር ጀማሪ መሆን ያሳፍራል።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር። ነገሩ የተበላሸው በአጎቴ ነው።

አጎቴ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ያሳደገኝ እሱ ነው። ሁለቱንም ዓይኖቹን ሞራ ጋርዷቸው፣ ሻይ ውስጥ የሚጨምረውን ስኳር ጠረጴዛው ላይ ይበትን ጀመር። አንድ ቀን በሩ ላይ የተሰቀለውን ካፖርት «ግባ እንጂ፣ ምን ያቆምሃል?» ብሎ ሲጋብዘው አክስቴ ስቃ ስቃ፣ ቆይታ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ሐኪሙ አይቶ፣ «የአንዱን ዓይን ሞራ አሁን፣ የሌላውን ቆየት ብለን እናነሳዋለን፤ ቀላል ነው። እምቢ ካሉና ከቆየ ግን ዋስትና አልሰጥም» አለ። ቀን ተቆረጠ።

አጎቴ ሐኪሙ ፊት አምሬ ልቅረብ ብሎ ጺሙን ሊላጭ ሄደ። ጋሽ ድሮ ከጆሮው ኋላ ያለችውን ጠባሳ ነገር አገኟት። «አሃ! የስለት ምልክት! ባለፈው ሕይወትህ የሞትከው በስለት ነው።»

አጎቴ ቤት መጥቶ ጫማውን አወለቀ። ካልጋው ጠርዝ ተቀመጠና «አልሄድም» አለ።

«የት ነው የማትሄደው?» አለች አክስቴ።

«ስለት አንዴ በልቶኛል። ሁለተኛ አንገቴን አልሰጠውም።»

«አንገትህን ማን ጠየቀህ? ዓይንህን ነው!»

ለመነች፣ ተቆጣች፣ አኮረፈች። ንቅንቅ የለም። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረች። «ሂድና ያንን ሰውዬ አምጣልኝ። የተናገረበት ምላስ ራሱ ይመልሰው!»

እየተንደረደርኩ ሄድኩ። በመንገዴ ላይ የምሰድባቸውን ስድብ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ነገሩን ስነግራቸው ግን የያዙት መቀስ አየር ላይ ቆመ። «ዓይኑ ይጥፋ ነው የሚለው?» አሉ ቀስ ብለው።

«እርስዎ ነዎት ያሉት!»

«እኔ እኮ ደስ እንዲለው ብዬ ነው፣ ልጄ። በስለት የሞተ ጀግና ይመስላል። አልጋው ላይ ሞተ ቢባል ማን ደስ ይለዋል?»

ወንበሩ ላይ የነበረውን ደንበኛ ለነገ ቀጥረው፣ ምላጫቸውን በፎጣ ጠቅልለው ተከተሉኝ። ቤት እንደገባን በሕይወታቸው ሁሉ፣ ያለፉትንም ጨምሮ፣ ብለውት የማያውቁትን ነገር አሉ፦ «ወንድሜ፣ ዋሽቼሃለሁ። ራስ ዳስሼ የማውቀው ነገር የለም።»

አጎቴ እጁን አወናጨፈ። «ይሄ ልጅ አስፈራርቶህ ነው። ሰው በሙያው አያፍርም!»

እውነት ከሽፎ ቆመ። አክስቴ አየችኝ፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ። ጋሽ ድሮ ሙቅ ውኃ ጠየቁ። «የዚያን ቀን አገጭህን በደንብ አልላጨሁልህም» አሉና አረፋ ቀብተውት መላጨት ጀመሩ። አንዱን ጉንጭ ጨርሰው ጉሮሮው ላይ ሲደርሱ፣ «ማን እንደገደለህ ግን አልጠየቅከኝም» አሉት።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

አክስቴ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

«ሽፍታ ነበርኩ» አሉ ጋሽ ድሮ፣ ምላጩን ሳያቋርጡ። «አንተ ዕቃህን ጭነህ በመንገድ ታልፍ ነበር። ፀጉር አስተካካይ ሆኜ ለምን የተመለስኩ ይመስልሃል? ይኸው በየሳምንቱ ስለት ይዤ አንገትህ ላይ እቆማለሁ። ቆርጬህ አውቃለሁ?»

«አንዴ አገጬን…»

«እሱ ተነቃንቀህ ነው! የስለትህ ጣጣ እኔ ጋ አልቋል። የሐኪሙ ስለት አንተን አያውቅህም።»

አጎቴ አረፋው ግማሽ ፊቱ ላይ እየደረቀ ወደ ጋሽ ድሮ ቀና አለ። ከዚያ «ለምን ገደልከኝ?» አለ።

ዳኛው፣ ከዋክብት መርማሪው፣ የመርከብ አዛዡ ጎንበስ አሉ። «ርቦኝ ነበር» አሉ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለ አጎቴ። «በል ሌላውን ጉንጭ ጨርስ።»

የመጀመሪያው ዓይን ሞራ በሰላም ተነሳ። ጋሽ ድሮ ሱቃቸውን ዘግተው የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሲንቆራጠጡ ዋሉ። አጎቴ ግን ገዳዩን ይቅር ያለ ሰው መሆኑን ላገኘው ሁሉ አወራ። ሁለቱ ንግሥቶች ከሽፍታ ጋር ሻይ አንጠጣም ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። የጦር አዛዡ ሌላ ፀጉር ቤት መሄድ ጀመረ። ጋሽ ድሮን በባዶው ሱቅ መስተዋታቸውን ሲወለውሉ አገኘኋቸውና «ለምን ፈጠርኩት ብለው አይገላገሉም?» አልኳቸው።

«ዝም በል!» አሉኝ በሩን እያዩ። «ለአጎትህ ቢደርሰውስ? አንድ ዓይን ይቀረዋል።»

የሁለተኛውም ዓይን ሞራ ተነሳ። ፋሻው በተፈታ በማግስቱ አጎቴ ፀጉር ቤት ውሰደኝ አለኝ። በሩ ላይ ቆሞ የጋሽ ድሮን ፊት ረጅም ጊዜ አየ፤ ለስንት ዓመት እንደ ጥላ ብቻ ያየውን ፊት። ተሳሳሙ። ስንወጣ ክንዴን ይዞ፣ «ያ ሰውዬ እንኳን ሰው፣ ዝንብ ገድሎ አያውቅም» አለኝ።

«ታዲያ ያኔ ለምን አመንከው?»

«የጠባሳውንም አላመንኩም። የሐኪሙን ቢላ ፈርቼ ነበር፤ ፈራሁ ማለት ደግሞ ለአክስትህ አይነገርም፣ ሰበብ ሳገኝ ያዝኩት። በኋላ አንድ ሰው እኔን ከፍርሃቴ ሊያወጣ ብሎ ራሱን ነፍሰ ገዳይ ሲያደርግ ሳይ አፈርኩ። ምን ላድርግ? ይቅር አልኩትና ሐኪሙ ጋ ሄድኩ፤ ማመኔን እንዳይጠራጠርም ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ።»

እኔ ዳግም መወለድ የሚባለውን ዛሬም አላምንም። ጋሽ ድሮን ግን እወዳቸዋለሁ። ምናልባት እሳቸው እውነታቸውን ሆኖ ተመልሰን የምንመጣ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ሕይወቴም ፈርቼ ካልጋዬ ጠርዝ በተቀመጥኩ ቀን፣ ምላጩን በፎጣ ጠቅልሎ መጥቶ «የገደልኩህ እኔ ነኝ» የሚለኝ እንደሳቸው ያለ ሰው አያሳጣኝ።