«አንድ ሰው ብቻ ቀረ!»

የትኛውም ሰፈር ብትሄዱ፣ ማንም ያልሾመው ማንምም ሊሽረው ያልቻለ አንድ የማስታወቂያ ሚኒስትር አታጡም። ውሃ መቼ እንደሚጠፋ ከውሃ መሥሪያ ቤቱ ቀድሞ ያውቃል። መብራት ሲመጣ «መጣ!» ብሎ ያበስራል፤ አምፖሉ ያልነገረን ይመስል። በደጉ ጊዜ እንዲህ ያለውን ሰው ሁሉም መንገድ ቀይሮ ይሸሸዋል። ወረርሽኝ ሲገባ ግን ሥልጣኑ ይሞላለታል።

የዚህኛው ሰፈር ሚኒስትር ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ረዳት ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን መናኸሪያ ሲጮሁ ኖረው ሰውነታቸው አርፏል፤ ጉሮሯቸው ግን ጡረታውን አልተቀበለም። ሕግ አክባሪም ነበሩ፤ ለገዛ ሚስታቸው እንኳ ወንበር ይዘው አያውቁም ይባላል። ጤና ጣቢያው በሰፈሩ አዳራሽ ክትባት መስጠት የጀመረ ዕለት ክቡርነታቸው ከአዳራሹ ፊት ለፊት ካለው የመኖሪያ ሕንጻ ደረጃ ሥር ቆሙ፣ ማስካቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱና «ማስክ አድርጉ!» ብለው ሥራ ጀመሩ።

ከዚያ ወዲያ ሰፈሩ የጠዋት እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየም። «ምርመራ በጓሮ በር፣ ክትባት በፊት በር! ዛሬ ዱቄትና ዘይት ለታመመ ቤት ይታደላል፣ ጤነኛ እንዳይሰለፍ!» ነርሷ በየበሩ የለጠፈችውን ማስታወቂያ ያነበበ የለም፤ የክቡርነታቸውን ያልሰማም የለም። ለታመመ ቤት ምግብ ያደርሳሉ፣ ያንኳኳሉ፣ ወደ ኋላ ይሸሹና «ደረሰ!» ይላሉ። ገላውን የሚታጠብ ሰው እንኳ «ሰምቻለሁ!» ካላለ አይለቁትም።

ታዲያ የረዳት ልማድ በቀላሉ አይለቅም። ባዶ አውቶቡስ በር ላይ ቆሞ «ባዶ ነው» ያለ ረዳት እስከ ዛሬ አልተወለደም። ስለዚህ አዳራሹ ውስጥ ነርሷ ከባዶ ወንበሮች ጋር ተፋጣ ተቀምጣ ሳለ፣ ውጭ ሚኒስትሩ «አንድ ሰው ብቻ ቀረ! ሊዘጋ ነው! አንድ ሰው ብቻ!» ይላሉ።

«ጋሼ፣ ኧረ ማንም የለም እኮ» አለቻቸው ነርሷ።

«ዝም በይ ልጄ፤ ባዶ መኪና ማን ይሳፈራል?»

ደግሞም ሠራላቸው። ሰው የግራና የቀኝ ጫማውን አቀያይሮ እየሮጠ መጣ።

ልብስ ሰፊዋ ብቻ አልመጡም። ምድር ቤት ይኖራሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» ይላቸዋል፤ ለሕንጻው ነዋሪ በሙሉ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ማስክ የሰፉት እሳቸው ናቸው። ሚኒስትሩ በመስኮታቸው ሥር ሲያልፉ ሆን ብለው ድምፃቸውን ይጨምራሉ። እትዬ ግን ንቅንቅ የለም። «ቀኑን ሙሉ መርፌ ይዘው እየዋሉ መርፌ ይፈራሉ!» እያሉ ላገኙት ሁሉ አሟቸው።

ከዚያ እትዬ ታመሙ። ትንፋሽ አጠራቸውና ኦክስጅን ወዳለበት ሆስፒታል ተወሰዱ። ሚኒስትሩ ለቤቱ የሚታደለውን ይዘው ሲሄዱ፣ የእትዬ ልጅ በሩን ገርበብ አድርጋ ከውስጥ አነጋገረቻቸው።

«ጋሼ፣ እናቴን ይቅር ይበሏት። ጥሪዎን ንቃ የቀረች እንዳይመስልዎት።»

«ኧረ ምን ገዶኝ! መርፌውን ፈርተው ነው፣ ገብቶኛል።»

«መርፌማ አትፈራም። በየቀኑ ጫማዋን አድርጋ ትነሳ ነበር። እርስዎ ‹አንድ ሰው ብቻ ቀረ› ሲሉ መልሳ ትቀመጣለች። ‹አንድ ብቻ ከሆነማ ለጎረቤታችን ለነፍሰ ጡሯ ይሁን፤ እኔ ነገ እሄዳለሁ› ትላለች። ነገም እርስዎ ያንኑ ይላሉ። ብቻ እግዜር ይስጥልን ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር!»

ሚኒስትሩ ምስጋናውን ተሸክመው ግቢውን አቋረጡ። ብትሰድባቸው ምንኛ በተሻለ። ጆሯቸው ድረስ ጋሉ፤ ሰው እንዳያያቸው በግድግዳው ጥግ ጥግ ሄደው ቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ ደረጃው ሥር ማንም አልጮኸም። ሰፈሩ መጀመሪያ «እፎይ፣ ተገላገልን» አለ። ቀጥሎ ምርመራ በሌለበት ቀን ለምርመራ ተሰለፈ። ዱቄቱም ሳይሰማ ታድሎ አለቀ። «ኧረ ያ ሰውዬ ምን ነካው?» መባባል መጣ። ለካስ ያን ጩኸት ሲያማርረው የነበረው ሁሉ ይወደው ኖሯል፤ ይህን የሚጽፈውም ጭምር።

«ምን ሆነሃል?» አሉ ሚስታቸው።

«ዋሽቼ ሰው ገደልኩ።»

«አልሞቱም፣ ምላስህን ሰብስብ። ደግሞ ውሸት ዛሬ ነው የጀመረህ? ‹አሁኑኑ ይነሳል› ብለህ ግማሽ ቀን ያስቀመጥከኝ አውቶቡስ ውስጥ አይደል የተዋወቅነው?»

«ያን ጊዜ ማንም አልታመመም።»

ሚስታቸው «ሲመለሱ ፊታቸው ቆመህ ትነግራቸዋለህ» አሉ።

«ካልተመለሱስ?»



እትዬ ተመለሱ። ከስተው፣ ወንበራቸውን መስኮቱ ሥር አስጠግተው፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቴ እያረፉ የሚያወሩ ሆነው ተመለሱ። ሚኒስትሩ ከመስኮቱ ማዶ ቆመው የመስኮቱን ቀለም በጥፍራቸው መፋቅ ያዙ።

«እትዬ… ቦታ ነበረ።»

«የምን ቦታ?»

«የክትባቱ። አንድ ሰው ብቻ ቀረ ስል ውሸቴን ነው። አዳራሹ ባዶ ነበር።»

እትዬ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

አልሳቁም፣ አልተቆጡምም። «እኔ እኮ» አሉ፣ «ነፍሰ ጡሯ በእኔ ቦታ ሄዳለች እያልኩ… ደስ ይለኝ ነበር።»

ሚኒስትሩ አቀርቅረው አለቀሱ። እንባቸው ያረጠበው ማስክ እትዬ የሰፉላቸው ነበር። ይህንንም አወቁት፤ እፍረታቸው ባሰ።

«ዛሬ ክፍት ነው?» አሉ እትዬ።

«ክፍት ነው።»

«ታዲያ ምን ይገትርሃል? ሂድና ጥራ። እውነቱን ግን። እኔ ነርሷ… እስኪጠነክሩ ይቆዩ ያለችኝን ልቆይ። እስከዚያ ቦታ ያዝልኝ።»

«ቦታ መያዝ ክልክል ነው» እያሉ ስንቱን ተሳፋሪ ሲያስነሱ የኖሩት ሰው «እሺ እትዬ» አሉ።

ደረጃው ሥር ሄደው ቆሙ። እጃቸው እንደ ልማዱ ማስኩን ሊያወርድ ተነሳ፤ ተዉት። ድምፃቸው በጨርቁ ታፍኖ እየተሰበረ ወጣ፤ ላይኛው ፎቅ ድረስ ግን ተሰማ።

«ባዶ ነው! ማንም የለም፣ አዳራሹ ባዶ ነው! አንድ ቦታ ብቻ ተይዟል!»